ሦስት ጊዜ የተጠራ ሽማግሌ

«ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ አልኩ! ግራህን አታውቀውም እንዴ ነገራ?»

ሶፋው የአዳራሹ በር ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ። ነገራ ከሥር ሆኖ ያቃስታል፣ አዘጋጁ ጉግሳ ከላይ ሆኖ ያዛል፣ ሲሞን ደግሞ የሚያግዝ መስሎ ሶፋውን በአንድ ጣቱ ነክቶ ቆሟል። ከአዲስ አበባ ከወጡ አምቦ አራተኛ ከተማቸው ነው። በሆለታም፣ በአዲስ ዓለምም፣ በጊንጪም ሶፋው በር አልገባ ብሎ አስቸግሯቸዋል፤ በሦስቱም ከተማ ጉግሳ «በሩን የሠራው ሰው ሶፋ አይቶ አያውቅም» ብሏል። ሶፋው ከልክ በላይ ትልቅ ነው የሚለውን ሐሳብ መስማት አይፈልግም። የገዛው እሱ ነዋ!

ጂቱ የልብስ ሻንጣውን ተሸክማ ከኋላቸው ቆማ ስትስቅ ስልኳ ጠራ። የደወለውን ሰው ስም ስታይ ሳቋ ቆመ። አባቷ ኦቦ ገቢሳ ናቸው።

«አምቦ ገብቻለሁ» አሏት በኦሮምኛ። ኦቦ ገቢሳ ስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣሩ ነው የሚመስለው። «ገበያዬን ጨርሻለሁ። ሥራ ቦታሽ የቱ ጋ ነው?»

«የከተማው አዳራሽ ነው አባ። ግን እኮ ትርኢቱ ስምንት ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ ይደክምዎታል...»

«እመጣለሁ። ሥራሽን አይቼ፣ እቃሽን ይዘን አብረን ወደ ቤት እንወጣለን። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አብረን ቢሮ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኦቦ ገቢሳ የሚሉትን ካሉ በኋላ ቻው፣ ደህና ዋይ የሚባል ነገር አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂቱ በማኔጅመንት ዲግሪ አላት፤ ዲግሪዋ ወላጆቿ ቤት ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ይኖራል። እሷ ግን ላለፉት ሦስት ዓመታት ከ«ጠል» የቴአትር ቡድን ጋር ከከተማ ከተማ ትዞራለች። በዚህ ዓመት አምቦ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ሲፈልግ፣ አባቷ ከወንጪ መንገድ ዳር ካለው መንደራቸው ሦስት ጊዜ ወርደው ማስረጃዋን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ለፈተናው እሷ «ጥርሴን አመመኝ» ብላ ከቡድኑ አንድ ቀን ጠፋች። እናም አለፈች! ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርባ ትፈርማለች። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ጡረታ ያለው ሥራ። ኦቦ ገቢሳ ለመንደሩ ነግረው፣ መንደሩም መርቋቸው አልቋል።

ለቡድኑ ግን ትንፍሽ አላለችም። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ? መጀመሪያ ሆለታ ላይ እነግራቸዋለሁ አለች። ሆለታ ዝናብ ነበር፣ ሰውም አልመጣ፣ ሁሉም አዝነው ስለነበር ተወችው። አዲስ ዓለም ላይ ደግሞ ሰዉ ሞልቶ ሁሉም ተደሰቱ፤ ደስታቸውን ላበላሽ እንዴ ብላ ተወችው። ጊንጪ ላይ ምንም ምክንያት አልነበራትም። ብቻ ተወችው። ነገ ጉደር፣ ሰኞ ጌዶ፣ ከዚያ ባኮ ናቸው፤ ማስታወቂያው ተለጥፏል። ያለ እሷ ደግሞ ቴአትሩ የለም፤ ሲሶው የሲሞን፣ ጥቂቱ የአንጋፋዋ ተዋናይ የዘነበወርቅና የነገራ ሲሆን፣ የቀረው ንግግር ሁሉ የጂቱ ነው።

የከፋው ነገር ግን ይህ አይደለም። የከፋው፣ ሥራውን ትፈልገው አትፈልገው እንደሆነ ራሷን ስትጠይቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ነው ያገኘችው፤ መልሱን ለአባቷ መንገር ደግሞ ሞት መሰላት።

ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ዘነበወርቅ ቀሚሶቹን እያራገፈች ትሰቅላለች። ዘነበወርቅ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ በቴአትሩ የጂቱ ጎረቤት ሆና ትተውናለች፣ ልብስ ትሰፋለች፣ በየከተማው የትኛው አልጋ ቤት ትኋን እንዳለው አንሶላውን አሽትታ ትናገራለች። ተሳስታ አታውቅም።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን ያጠቆርሽው? በይ ብዪ» አለች የሽሮውን ሳህን እየገፋችላት።

«አልራበኝም እቴቴ።»

«ማን ስለ ረሀብ ጠየቀሽ? ብዪ ነው ያልኩሽ።» ጠቅልላ አጎረሰቻት። ጂቱ ጉርሻውን እያላመጠች አሁን ልንገራት ብላ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሁለተኛው ጉርሻ ደረሰ፤ ዘነበወርቅ አንዴ ማጉረስ ከጀመረች ለወሬ ክፍተት አትሰጥም።

ከውጭ የነገራ ድምፅ ይሰማል። ነገራ ሾፌርም፣ ቲኬት ሻጭም፣ ተዋናይም ነው፤ አሁን ደግሞ ባጃጅ ተከራይቶ በድምፅ ማጉያ ከተማውን ይዞራል። «ዛሬ በስምንት ሰዓት! ‹ልዋጭ›! ባልና ሚስት የሚፋጁበት! ያላየ እንዳይቆጭ!»

የቴአትሩ ስም «ልዋጭ» ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ጂቱ የምትጫወታት ሚስት ቤት ስታጸዳ ምስማር ላይ አሥር ዓመት የተሰቀለውን የባሏን የሠርግ ኮት ለልዋጭ ነጋዴ ሰጥታ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ ትቀበላለች። ለካ ባል የቤቱን ካርታ የኮቱ ገበር ውስጥ ሰፍቶ ደብቆት ኖሯል። ሲሞን ከሥራ ገብቶ ባዶውን ምስማር ያያል፣ ወደ ተመልካቹ ዞሮ እጁን ዘርግቶ «ኮቱ! ኮቱስ?» እያለ ይጮኻል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ነገራ ሳፋ በሳፋ ላይ ደርቦ ተሸክሞ፣ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ይመጣል፤ ያኔ ነው ጉዱ የሚፈላው።

አዲስ አበባ ላይ «ኮቱ!» የሚለው ጩኸት ማንንም አስቆ አያውቅም። ሆለታ ላይ ግን ከኋላ ወንበር አንድ ሦስት ልጆች «ዱፍኔ!» ብለው መለሱለትና ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። በኦሮምኛ «ኮቱ» ማለት «ና» ማለት ነው፤ ልጆቹም «መጣን!» ነው ያሉት። ሲሞን የጨርቆስ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛው ከ«ነጋ» እና ከ«ገለቶማ» አያልፍም። የሳቁት በትወናው መሰለው።

«አየሽ?» አላት ያን ለታ ፊቱ እያበራ። «ቃሉን ሳስረዝመው ነው የገባቸው። ጊዜ አጠቃቀም ነው ሁሉም ነገር።»

አዲስ ዓለም ላይ ስድስት ጊዜ «ኮቱ» አለ። ጊንጪ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ። ነገራ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ጂቱ መድረኩ ላይ ሆነው እየተያዩ ሳቃቸውን አፍነው ይይዛሉ። ልትነግረው ይገባ ነበር፤ ግን ሰውዬው እንዲህ ደስ ብሎት እንዴት ይነገረዋል? ጂቱ እንዲህ ናት። ሰው ፊት ላይ ያለውን ደስታ ማጥፋት አትችልም፤ እና ዝም ትላለች።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹ ግጥም ብሏል። የገበያ ቀን ስለሆነ ግማሹ ሰው ከነዘንቢሉ ነው የገባው። ጂቱ ቀይዋን ሳፋ ታቅፋ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው አባቷን ነው። ፊት ወንበር ላይ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የመንደራቸው ሰው ኦቦ ሙለታ አሉ፤ ከኋላ ደግሞ ሌሎች የምታውቃቸው ፊቶች። ሦስት ዓመት ሙሉ አባቷ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «ሰው ሆኜ ሰው አሥቃለሁ» ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም «ሰው አይደለሽም እንዴ ታዲያ?» ይሏት ነበር። አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም።

ሲሞን ገባ። ምስማሩን አየ። ወደ ፊት ወንበር ዞረ፣ እጁን በሙሉ ኃይሉ ዘረጋና ጮኸ።

«ኮ-ቱ!»

እጁ የተዘረጋው ቀጥታ ወደ ኦቦ ገቢሳ ነበር። እሳቸው ወደ ግራ አዩ። ወደ ቀኝ አዩ። ሰዉ መሳቅ ጀምሯል። ሲሞን ሳቁን ሲሰማ ልቡ ሞቀ።

«ኮ-ቱ! ኮ-ቱ-ስ!»

ኦቦ ሙለታ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸውና አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። ኦቦ ገቢሳ በመንደራቸው፣ ከመንደራቸውም ተርፎ እስከ ወንጪ ድረስ፣ ሰው የተጣላ እንደሆነ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ የድንበር ጠብ፣ ምኑም ምኑም። አርባ ዓመት ሙሉ ተጠርተው የቀሩበት ቀን የለም። ሽማግሌ ተጠርቶ ከቀረ ምኑን ሽማግሌ ሆነ?

«ኮቱ!» አለ ሲሞን ለሦስተኛ ጊዜ፣ እንባ ሊያወጣ ትንሽ ሲቀረው።

ኦቦ ገቢሳ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ዱፌራ» አሉ፤ «መጥቻለሁ» ማለታቸው ነው። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው መድረኩ መሐል ቆሙ።

አዳራሹ ተናወጠ። ሲሞን እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ከመጋረጃ ጀርባ ጉግሳ ጭንቅላቱን ይዞ ሲቀመጥ ጂቱ በጎን ዓይኗ አየችው። ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። አባቷን ክንዳቸውን ይዛ፣ ይቅርታ ጠይቃ ማስወረድ ትችል ነበር። መንደሩ ግን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ኦቦ ገቢሳ ቴአትር መሐል ገብተው በልጃቸው እጅ ተጎትተው ወረዱ ተብሎ ይወራል። ይህንንስ አታደርገውም! ሳፋዋን ወረወረችና ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

«እሰይ! ፈጣሪ ሽማግሌ ላከልኝ! ይቀመጡ አባቴ፣ ይቀመጡና ይህን ሰውዬ ይዳኙኝ!»

ኦቦ ገቢሳ ትልቁ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ያን ቀን ሰው አገኘ ማለት ይቻላል። ዱላቸውን አስደገፉ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ሲሞንን ትክ ብለው አዩት። «ማል ታኤ?»

«ምን ሆናችሁ ነው የሚሉህ» አለች ጂቱ። «ንገራቸው፤ እኔ አስተረጉምልሃለሁ።»

ሲሞን ምንም ቢሆን ተዋናይ ነው፤ ነቃ። «አባቴ! ይህች ሴት የሠርጌን ኮት ለልዋጭ ሰጥታ ሳፋ ተቀበለች! የቤታችን ካርታ ገበሩ ውስጥ ነበር!»

ጂቱ ወደ አባቷ ዞራ በኦሮምኛ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ምንም አላጠፋችም ይላል» አለች።

አምቦ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳይቀር የትርጉሙ ሌብነት ገባው፤ ሲሞን ብቻ ነው የቀረው። ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ሲሞን በሳቁ ተበረታቶ ቀጠለ።

«አሥር ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አማክራኝ አታውቅም!»

«አሥር ዓመት ሙሉ እንደ እሷ ያለች ሴት አላየሁም ይላል» አለች ጂቱ በኦሮምኛ።

ኦቦ ገቢሳ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እየመረጡ፣ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ አማርኛ እሰማለሁ እኮ» አሏት።

ኧረ የዚያን ጊዜ ሳቅ! ኦቦ ሙለታ ወንበራቸው ላይ ተጠቅልለው፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጂቱም መድረክ ላይ መሆኗን ረስታ ሳቀች፤ ለተዋናይ ትልቅ ነውር ነው፣ ግን ማን ታዘባት?

ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ? ኮቱን ለምን ሰጠሽ?»

ይህን መልስ በቃሏ ታውቀዋለች። «አሥር ዓመት ምስማር ላይ ተሰቅሎ የኖረ ኮት ነው አባቴ! አንድ ቀን ለብሶት አያውቅም! እኔ ነኝ አቧራውን ስጠርግ የኖርኩት!»

«እሺ። ለምን አልነገርሽውም?»

ይህ ጥያቄ ድርሰቱ ውስጥ የለም። የጻፈው ሰው አስቦበትም አያውቅም። አዳራሹ ቀልዱን ይጠብቃል። አባቷ ግን መልሱን ነው የሚጠብቁት፤ ሌላ ጊዜ የተጣሉ ሰዎችን ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው።

«ፈራሁ» አለች።

«ምን ፈራሽ? ይመታሻል?»

«አይደለም። እንዳያዝን ነው የፈራሁት።»

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ገቢሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዳያዝን ብለሽ ዝም አልሽ። እሱ ግን ቤቱ ሲገባ ባዶ ምስማር ነው ያገኘው። አሁን አላዘነም?»

«አዝኗል» አለች ጂቱ። ሲሞን ምን እንደነካው አይታወቅም፣ የእውነት ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

ፍርዱ አጭር ነበር። ባል ካርታ የሚያህል ነገር ከሚስቱ መደበቁ ጥፋት ነው፤ ሚስትም ሳትናገር መስጠቷ ጥፋት ነው። ሁለቱም ነገ ማልደው አብረው ይሂዱና ልዋጩን ይፈልጉ። ሳፋው ይመለስለት፤ ሚስቲቱ ሳፋ ካስፈለጋት ባል ይግዛላት። ከዚያ ኦቦ ገቢሳ ቆመው መረቁ፤ ቤታችሁ ይሙላ፣ ልጅ ውለዱ፣ ሰላም እደሩ። አዳራሹም አንድ ላይ «ሃ ታኡ! ሃ ታኡ!» እያለ ተቀበላቸው። ይሁን፣ ይሁን። ምርቃት ካለቀ በኋላ ደግሞ የሚቀመጥ የለም፤ ሰዉ ዘንቢሉን አንስቶ፣ ደስ ብሎት መውጣት ጀመረ።

ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ቴአትር በአርባ ደቂቃ ታርቆ አለቀ!

ከሁሉም ያሳዘነው ነገራ ነው። ስድስት ሳፋ ጭንቅላቱ ላይ ደርድሮ ተራውን ሲጠብቅ ነበርና ሰዉ ሲወጣ ሲያይ ሮጦ ገባ። «ልዋጭ! ልዋጭ! ያለቀ ጫማ፣ ያረጀ ኮት!» ቢል ዞሮ ያየው የለም። አንዲት ሴትዮ ብቻ ቀረብ ብላ ለአሮጌ ጫማ ስንት ሳፋ እንደሚሰጥ ጠየቀችው።

ከመድረክ ጀርባ ኦቦ ገቢሳን ወንበር አምጥተው፣ አምቦ ውኃ ከፍተው፣ ከብበው አስቀመጧቸው። ሲሞን እጃቸውን ሳመ። «ኮቱ» ምን ማለት እንደሆነ ነገራ ሹክ ሲለው ግን ፊቱ ቀላ፤ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አንድ በአንድ ሲያስታውስ ይታይ ነበር። «እናንተ ክፉዎች!» ብሎ ሳፋ አንስቶ ነገራን አባረረው። ጉግሳ በመጀመሪያ ሊቆጣ አስቦ ነበር። ሰዉ እየሳቀ ሲወጣ ካየ በኋላ ግን ቁጣው የት እንደገባ አይታወቅም።

«ኦቦ ገቢሳ፣ እንዲህ አድርገው ሠርተውልን ዝም ብለን እንለቅዎታለን? ነገ ጉደር አብረውን ይምጡ።»

«አይ» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ፣ በዚያ ቃል እየመረጡ በሚናገሩት አማርኛ። «እኔ ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት። ሰኞ ቢሮ ትገባለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«የትኛው ሰኞ?» አለች ዘነበወርቅ ያጣጠፈችውን ቀሚስ እንደያዘች።

«የከነገ ወዲያው።»

ዘነበወርቅ ጂቱን አየቻት። «ጥርስሽን የታመምሽ ቀን ነው የተፈተንሽው፣ አይደል? እኔ እኮ በዚያ ሌሊት ቅርንፉድ ፍለጋ የሰው በር አንኳኩቻለሁ።» አልጮኸችም። ቀሚሱን ሻንጣ ውስጥ አስገብታ ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«እኔስ?» አለ ሲሞን ለመቀለድ እየሞከረ። «ማን ላይ ልጮኽ ነው?» የሳቀለት የለም። ጉግሳ፣ ያ ሁልጊዜ የሚጮኸው ጉግሳ፣ «ጉደር ነገ ነው» አለ ለራሱ ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከዚያም ወጥቶ ሄደ። ጂቱ ቢሰድባት በወደደች።

ኦቦ ገቢሳ ሁሉንም ተራ በተራ አዩ። «አልነገርሻቸውም?» አሏት በኦሮምኛ።

አልነገርኳቸውም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የተናደዱ አይመስሉም፤ ያፈሩ ይመስላሉ፣ በእሷም በራሳቸውም። ዱላቸውን አነሱ። «ሸኚኝ።»

ባጃጅ ልትጠራ ስትል ከለከሏት። ገበያው እየተበተነ ነበር፤ አህያው፣ ባጃጁ፣ ባዶ ጆንያ የተሸከመው ሰው ተደባልቆ አስፋልቱን ሞልቶታል። በመሐሉ እየተጋፉ ወደ መናኸሪያው ተቃረቡ።

«አባ» አለች በመጨረሻ፣ «ቴአትር መሆኑን አላወቁም ነበር?»

«ምን ነካሽ? ቆሜ ሳየው ኮት እንደሚል ገባኝ እንጂ! ግን ከተነሳሁ በኋላ ልመለስና ልቀመጥ? በሙለታ ፊት?» ትንሽ ሳቁ። «ሙለታ ሲስቅ አየሽው? ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። አሥቀሽዋል። ጥሩ ነበርሽ። እንዲህ መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

አባቷ ጎበዝ ብለዋት ያውቃሉ፤ «አላውቅም ነበር» ብለዋት ግን አያውቁም።

«ግን ጂቱ፣ ሳቅ አያስታምም። ብትታመሚ ማን አለሽ? በሰው ከተማ፣ በሰው አልጋ...»

«አምና ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዘነበወርቅ ናት ያስታመመችኝ።»

«ታይፎይድ? መቼ?»

ይህንንም አልነገረቻቸውም ነበር። ኦቦ ገቢሳ ቆሙ፤ ቆመው ቆመው እንደገና መራመድ ጀመሩ።

ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶታል፤ ረዳቱ «ወንጪ! ወንጪ! የሞላ!» እያለ ይጣራል። «አንቺ ዛሬ ከጓደኞችሽ ጋር እደሪ» አሏት። «እንዲህ ጥለሻቸው አትምጪ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮው በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

«እሺ አባ» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት የለመደችው ቃል ነው፤ ለመናገር ምንም አይጠይቅም፤ አባቷ ደስ ብሏቸው ይሳፈራሉ፣ እሷም እስከ ሰኞ ድረስ ትተነፍሳለች።

«አባ፣ አይጠብቁኝ።»

«ምን አልሽ?» ሰምተዋታል።

«ሥራውን አልገባም። ከነሱ ጋር ነው የምቀጥለው። ይህን ካወቅኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። እንዳያዝኑብኝ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ረዳቱ «አባባ ይግቡ፣ እንሂድ!» አለ። ኦቦ ገቢሳ አልሰሙትም።

«አዝኛለሁ» አሉ። «በጣም ነው ያዘንኩት ጂቱ። ሦስት ጊዜ ነው ለዚህ ወረቀት የወረድኩት።»

«አውቃለሁ አባ።» እንባዋ ወረደ፤ መናኸሪያ መሐል ቆማ፣ ሰው እያየ አለቀሰች። አባቷ በጋቢያቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላት፣ ልክ የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ ጠንከር አድርገው፣ ከዚያም ገቡ።

መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን ከፈቱት። «የቢሮው ኃላፊ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀምጦ ነው ያናገረኝ። አንቺ ራስሽ ሄደሽ ንገሪው፤ በስልክ አይደለም፣ ፊቱ ቆመሽ። ቦታውን ለሚቀጥለው ልጅ ይስጡት። እኔ አልነግርልሽም።»

«እነግረዋለሁ አባ።»

«ለእናትሽ ግን እኔ እነግራታለሁ» አሉ፤ መኪናውም ወጣ። እንደ ወትሯቸው ደህና ዋይ አላሏትም።

ጂቱ አፍንጫዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ጉግሳ ገና መጥራት ሲጀምር አነሳው፤ ከጀርባው ነገራ ከሶፋው ሥር ሲያቃስት፣ ሲሞንም «ወደ ቀኝ!» ሲል ይሰማል።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ሰኞ ጠዋት የለሁም» አለችው። እሱ መልስ ከመስጠቱ በፊትም ቀጠለች። «ከጉደር ወደ አምቦ እመለስና ሥራውን እንደማልገባ ለቢሮው ሰዎች ነግሬ፣ ትርኢቱ ሳይጀመር ጌዶ እደርሳለሁ። አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው። እቴቴን ስጠኝ፤ ለእሷም ራሴ ልንገራት።»